ሐኪም ያልሆነው ልጃችሁ



የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲሰማ ከአምቦ እስከ ሐሮ ወንጪ በብዙ አማኞች ቤት ኀዘን ይገባል። ልጅ ባዮሎጂ ወይም ዕፅዋት ሳይንስ ሲደርሰው እናት ታለቅሳለች፤ አባት «የለፋሁት ሐኪም እንዲሆንልኝ ነበር» ይላል። ባልና ሚስት «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ይባባላሉ። ልጁ የወላጆቹን ቅሬታ ተሸክሞ ከቤት ይወጣል። ለመሆኑ በሽታን ተመራምረው መፍትሔ የፈለጉ ሰዎች ሁሉ ሐኪሞች ነበሩን?

በእኛ አገር እንጀምር። እንዶድን፣ በአፋን ኦሮሞ ሀንዶዴ የምንለውን፣ የደጋ እናቶች በልብስ ማጠቢያነቱ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ በቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚራባ በትምህርታቸው ያውቁ ስለ ነበር ነገሩን ችላ ብለው አላለፉትም። ምርምሩ ግን የዕፅዋት ዕውቀትም ያስፈልገው ነበር፤ ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በዚህ አብረዋቸው ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሁለቱ በአንድነት ተቀበሉ። የነገሩ መነሻ ግን የአጣቢዎቹ እናቶች እንዶድ መሆኑን አንርሳ።

ወደ ካንሰር ስንመጣ፣ ዴኒስ በርኪት የሚባሉ የአየርላንድ ተወላጅ ነበሩ። ትምህርታቸውን በምህንድስና ጀምረው ጌታን በግል ካወቁ በኋላ ወደ ሕክምና ተዛወሩ። ልጅ ሳሉ አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል፤ ቢሆንም ቀዶ ሐኪም ሆነው ዑጋንዳ ውስጥ አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናትን አይተው መጠየቅ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከባልደረቦቻቸው ጋር 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዘው በሽታው የትና የት እንደሚገኝ አጠኑ። ያ ካንሰር ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ እብጠት በተወሰደ ናሙና ላይ እ.ኤ.አ. በ1964 ሦስት ተመራማሪዎች አንድ ቫይረስ አገኙ፤ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ቫይረሶች መጀመሪያ የታወቀው እርሱ ነው። ከሦስቱ አንዷ ኢቮን ባር በመጀመሪያ ዲግሪ ያጠኑት ሥነ እንስሳት ነበር!

ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጠው የጨረር ሕክምናስ? እ.ኤ.አ. በ1898 ራዲየምን ያገኙት ማሪ ኩሪና ባለቤታቸው ፒየር ናቸው። ባልና ሚስቱ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሰዎች እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም።

ወገኖቼ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ዓይን እጅን አላስፈልግህም ሊለው እንደማይችል ያስተምረናል። በዘጸአት 31 ደግሞ ጌታ ባስልኤልን በመንፈሱ የሞላው ለእጅ ሥራ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስ ግን ድንኳን ሰፊ ነበር። ጌታ ሁለቱንም ተጠቀመባቸው። እኛ በልጃችን ላይ የናቅነውን ስጦታ ምናልባት እርሱ ለአንድ ሕመምተኛ መዳኛ አዘጋጅቶት ይሆናል። ሕክምናን የሚወድ ልጅ ይማር፣ ደስ ይበለን፤ የማይወደውን ግን ለጎረቤት ክብር ብለን አናስገድደው።

በዚህ ሳምንት ባልና ሚስት አብራችሁ ተነጋገሩ፦

1. ልጃችን ሳንነግረው በራሱ ፍላጎት የሚመረምረውና የሚጠይቀው ነገር ምንድን ነው?

2. «ሐኪም ሁን» የምንለው ስለ እርሱ ጥሪ ነው ወይስ ስለ እኛ ስም?

3. በምደባው ያዘነ ልጅ ካለን፣ እጃችንን ጭነን የባረክነው መቼ ነው?

ከቤት ሲወጣ ቅሬታችሁን ሳይሆን በረከታችሁን ይዞ ይውጣ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።