«ጊዜው አልፎበታል» የተባለው ላፕቶፕ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው የተንቀራፈፈ ላፕቶፑን ይዞ ጥገና ቤት ሲገባ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ጀነሬሽኑ ስንት ነው?» የሚል ነው። «ስድስተኛ» ካለ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ወንድሜ፣ ይሄማ ጊዜው አልፎበታል። ሽጠውና ትንሽ ጨምረህ አዲስ ግዛ።» የማሽኑ ክዳን አልተከፈተም፤ ዲስኩ አልተፈተሸም፤ ማራገቢያው ይዙር አይዙር ያየ የለም። ባለቤቱ ማሽኑን ለምን ሥራ እንደሚጠቀምበት እንኳ አልተጠየቀም። የፕሮሰሰሩን ትውልድ በምትናገር በአንዲት ቁጥር ብቻ የሃምሳና የስልሳ ሺህ ብር ውሳኔ ተወሰነ።

ይህ ልማድ ከሻጩ ባንኮኒ አልፎ በየቢሮው፣ በየቤተሰቡና በጓደኛ ምክር ውስጥ ገብቷል። ላፕቶፕ 5 ዓመት ከሞላው አርጅቷል፣ ካረጀ ይቀየራል፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። አስተሳሰቡ ስህተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ መክፈል የሚከብደው ሰው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይቱ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። 400 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ከ23 ሺህ ብር ወደ 48 ሺህ ብር ዘለለ ማለት ነው። የመምህሩና የሒሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ በዚያ ልክ አልዘለለም። እንዲህ ባለ ጊዜ «ቀይረው» ብሎ መምከር ቀላል ነገር አይደለም።

ለመሆኑ ማሽኑ ለምን ተንቀራፈፈ? መልሱን ለማግኘት ባለሙያ እንኳ አያስፈልግም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አብረው ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በአንድ በተለመደ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚታየው ይህ ነው፦ ሲፒዩ 10 በመቶ፣ ራም 60 በመቶ፣ ዲስክ 100 በመቶ። አርጅቷል የተባለው ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የታነቀው ዲስኩ ነው። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ አንዲት ፋይል ባለችበት ቦታ ለመድረስ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚያነባቸው ጥቃቅን ፋይሎች እልፍ ናቸው። ኤስ.ኤስ.ዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ያንኑ ሥራ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይጨርሳል። መቶ እጥፍ ገደማ ልዩነት ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የታችኛው ክዳን ብሎኖች ተፈትተው አሮጌው ዲስክ ይወጣና አዲሱ እዚያው ሶኬት ላይ ይሰካል። ሁለቱም ልካቸው 2.5 ኢንች፣ አሰካካቸውም ሳታ ነው። ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው ማስነሳት ወደ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በታች ይወርዳል።

ክዳኑ ከተከፈተ ዘንድ ሌላም ነገር ይታያል። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጡት ስስ የመዳብ ክንፎች መካከል አቧራ ተጋግሮ ማራገቢያው አየሩን መግፋት አቅቶታል። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው የሙቀት ቅባት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም «አረጀ» ይላል። ባትሪው ደግሞ ካበጠ ከላዩ ያለውን ታችፓድ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ታችፓዱ አልጫን ሲል ብዙ ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ቶሎ መውጣት አለበት፤ ነገር ግን ባትሪ ዕቃ ነው፣ ይቀየራል። ጎማው ስላለቀ ኮሮላውን የሚጥል አዲስ አበቤ የለም። በዚህች ከተማ ከ30 ዓመት በላይ የሠሩ መኪኖች ዛሬም ሕዝብ ያመላልሳሉ፤ ምክንያቱም ባለቤቶቻቸው የሚጠይቁት «ምኑ ነው የተበላሸው?» ብለው ነው። ያ ሁሉ የጥገና ጥበብ ያለው ከተማ ላፕቶፕ ላይ ሲደርስ እጁን መስጠቱ ያሳዝናል።

ሻጩን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይደለም። «ጊዜው አልፎበታል» የሚለውን ፍርድ ዋናው ፈራጅ የሰጠው የማይክሮሶፍት መቀመጫ በሆነችው ሬድመንድ ተቀምጦ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ዊንዶውስ 10 መደገፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል በኩል 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው በመርሕ ደረጃ የሚቀበለው። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው ግምት በዚህ ውሳኔ ምክንያት 240 ሚሊዮን የሚያህሉ ኮምፒውተሮች ወደ ቆሻሻ ሊሄዱ ይችላሉ። ሁሉም ሥራ አቁመው አይደለም።

ድንበሩ ቴክኒካዊ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ያወጣቸውን ሁለት የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች እንመልከት፤ ኮር አይ 7 7700ኤችኪውና ኮር አይ 7 7820ኤችኪው። ሁለቱም 7ኛ ጀነሬሽን ናቸው፤ ሁለቱም ባለ አራት ኮር ናቸው፤ በፍጥነት የሚለያዩት በጥቂቱ ነው። የመጀመሪያው በዊንዶውስ 11 ዝርዝር ውስጥ የለም። ሁለተኛው ግን በልዩ ሁኔታ ገብቷል። ማይክሮሶፍት ራሱ ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 በተባለው ውድ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጠቀመው ያንን ፕሮሰሰር ነበር። በሌላ ጫፍ ደግሞ ሴለሮን ኤን4020 የተባለው ባለ ሁለት ኮር ደካማ ፕሮሰሰር በዝርዝሩ ውስጥ አለ። እንግዲህ ዝርዝሩ የሚነግረን ማሽኑ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን አይደለም፤ ኩባንያው ድጋፍ ለመስጠት የፈቀደለት የትኛው እንደሆነ ነው። ደንበኛው ግን የሚሰማው «የእርስዎ ኮምፒውተር አይችልም» ተብሎ ነው።

የደኅንነት ነገር ሲነሳ ግን በቁም ነገር መወሰድ አለበት። የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ዊንዶውስ ላይ የባንክ ሥራ መሥራት አደጋ አለው፤ ይህን ማቃለል ሰውን ማሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ ዓለም አይቷል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። የተጠቁት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። እዚህ ላይ ነው የአገራችን ልማድ ከራሱ ጋር የሚጋጨው። አዲስ የተገዛ ላፕቶፕ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ፎርማት ይደረግና ክራክ የሆነ ዊንዶውስ ይጫንበታል፤ «አክቲቬሽኑ እንዳይጠፋ፣ ዳታም እንዳይበላ» ተብሎ አፕዴቱ ይዘጋል። ለደኅንነት ሲባል አሮጌውን ጥሎ አዲስ የገዛው ሰው ከቀድሞው በማይሻል ማሽን ላይ የባንክ ምስጢር ቁጥሩን ይጽፋል። ማሻሻያ በመደበኛነት የሚደርሰው አሮጌ ላፕቶፕ አፕዴቱ ከተዘጋበት አዲስ ላፕቶፕ ይበልጥ ይታመናል።

ማሻሻያ የሚገኝበት መንገድም አለ። ማይክሮሶፍት ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያራዘመበት ፕሮግራም አለው፤ ዋጋው መጀመሪያ 30 ዶላር ተብሎ፣ በኋላ የኮምፒውተሩን ቅንብሮች ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ለሚያገናኝ ሰው ያለ ክፍያ ሆኗል። በአውሮፓ የሸማቾች ማኅበራት ስለጮሁ ደግሞ እዚያ ቅድመ ሁኔታው ይበልጥ ላልቷል። ሰው ሲጠይቅ ይህን ያህል መለሳለስ ከመጣ፣ ዝም ብሎ መቀበል የሚገባን ነገር እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ሌላው መንገድ ሊኑክስ ነው። ኡቡንቱም ሆነ ሊኑክስ ሚንት በነፃ ይወርዳሉ፣ በፍላሽ ይጫናሉ፣ ለዓመታት ማሻሻያ ያገኛሉ። ኢንተርኔት ለሚጠቀም፣ ለሚጽፍ፣ ፊልም ለሚያይ ተማሪ ከበቂ በላይ ናቸው፤ የአማርኛ ኪቦርድም አላቸው። ለሁሉም ሰው ግን አይሆኑም። በፒችትሪ የድርጅት ሒሳብ የምትይዝ ሠራተኛና የዓመታት ጽሑፉን በፓወር ግዕዝ ያስቀመጠ ጸሐፊ ከዊንዶውስ በቀላሉ አይላቀቁም። ለእነሱ «ሊኑክስ ጫን» የሚለው ምክር «አዲስ ግዛ» ከሚለው የተሻለ አይደለም፤ ሁለቱም ሰውየው ምን እንደሚሠራ ሳይጠይቁ የተሰጡ ምክሮች ናቸው።

ከሁሉ የሚያስቆጨው አሮጌው ተሸጦ የሚገዛው «አዲስ» ነው። በጀቱ ትንሽ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ እጁ የሚገባው ሴለሮን ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ኢ.ኤም.ኤም.ሲ ማከማቻ ያለው ማሽን ነው። ያበራል፣ ቀጭን ነው፣ ዊንዶውስ 11 የሚል ተለጣፊም አለው። ዊንዶውሱ ራሱ ከማከማቻው ግማሽ ያህሉን ይወስዳል፤ አንድ ትልቅ ማሻሻያ ሲመጣ ቦታ አልበቃ ይላል። ራሙ አይጨመርም፤ ኢ.ኤም.ኤም.ሲውም ስለተበየደ አይቀየርም። ኤስ.ኤስ.ዲ ቢገባለት ኖሮ ይህን አዲስ ማሽን ጥሎ የሚሄደው ያው የተሸጠው ስድስተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ 5 ነበር። ከአሜሪካና ከዓረብ አገር ለወንድምና ለእህት ላፕቶፕ የሚልኩ ወገኖችም በዚሁ ወጥመድ ይገባሉ፤ በቅናሽ ቀን የተገዛ አብረቅራቂ ርካሽ ማሽን በሻንጣ ይመጣና በዓመቱ ጥግ ይይዛል።

በዚያው ገንዘብ ከዚያው አገር መሥሪያ ቤቶች የተጠቀሙባቸው ላፕቶፖች ይገኛሉ፤ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ቲንክፓድ ቲ480 ብንወስድ አብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽን ስለሆነ ዊንዶውስ 11 በሕጋዊ መንገድ ይጫንበታል፤ ሁለት የራም ቦታ አለው፤ የኋላ ባትሪው ያለ መፍቻ በእጅ ይነቀላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ የመጨረሻው ነገር ትልቅ ጸጋ ነው። አሮጌው በእርግጥ ካበቃለት፣ መተኪያው እንዲህ ያለ ተከፍቶ የሚጠገን ማሽን ነው መሆን ያለበት።

የሚያበቃለት ጊዜ አለና። ማዘርቦርዱ የተቃጠለ፣ የተበየደ 4 ጊጋባይት ራም ይዞ የቀረ፣ ወይም ባለቤቱ ወደ ቪዲዮ ኤዲቲንግና ወደ አርክቴክቸር ሥራ የገባበት ማሽን ላይ ብር ማፍሰስ አይገባም። ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ጀምሮም ራም አምራቾች ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ስላዞሩ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል፤ ስለዚህ «ራም ጨምርበት» የሚለው ምክር እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም። ይሁንና የራም መወደድ የአዲሱንም ላፕቶፕ ዋጋ ስለሚያንረው፣ ያለውን መጠገን አሁንም ያዋጣል።

ይህ ሁሉ በግለሰብ ደረጃ ነው። ትልቁ ብክነት ያለው በየመሥሪያ ቤቱ ነው። በገቢ ግብር ደንቡ ኮምፒውተር በቀጥታ ስሌት በዓመት 20 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል፤ በ5 ዓመቱ የመዝገብ ዋጋው ያልቃል። ይህ የሒሳብ ሠራተኛ መለኪያ ነው፤ ለግብር ስሌት የወጣ። ብዙ ቢሮዎች ግን የማሽኑ የሞት ቀን አድርገው ወስደውታል። መዝገቡ ላይ ዜሮ የሆነው ኮምፒውተር ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይወርዳል፤ የማስወገድ ሒደቱ ዓመታት ስለሚፈጅ እዚያው ተደርድሮ ይከርማል፤ የማስወገጃው ቀን ሲደርስ በእርግጥም የማይረባ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ባወጡት ሪፖርት መሠረት ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ እንደዋለ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። አምራቾቹ ራሳቸው በሚያወጡት ሪፖርት ደግሞ አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ዘመን ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ገና ሲመረት ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው ኮባልት በአመዛኙ ከኮንጎ ምድር ተቆፍሮ የወጣ ነው።

ያንን ሁሉ ከፍሎ የመጣ ማሽን በአንድ ሃርድ ዲስክ ምክንያት ግምጃ ቤት ሊበሰብስ አይገባም። የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴዎች ቃለ ጉባዔ ከመፈረማቸው በፊት አንድ ቴክኒሻን ይመድቡ። ቴክኒሻኑ እያንዳንዱን ማሽን ይክፈት፤ ምኑ እንደተበላሸና መጠገኛው ስንት እንደሆነ በዝርዝሩ ላይ ይጻፍ። ዲስክ ብቻ የጎደላቸው መረጃቸው በአግባቡ ተደምስሶ፣ ኤስ.ኤስ.ዲ ተገዝቶላቸው፣ አንድ ኮምፒውተር ለአሥርና ለአሥራ አምስት ተማሪ ወደሚደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ይሂዱ። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ውሳኔና የጥቂት ሺህ ብር በጀት ይበቃል።