ከጎንደር ወደ ጣና ዳር፦ የሁለት ሰው የብስክሌት ጉዞ



ማንበብና ማስላት የቻለ ሰው ብዙ ነገር በራሱ ሊያቅድ ይችላል። ዛሬ አንድ ጉዞ አብረን እናቅዳለን። ተጓዦቹ ሁለት ሰዎች ናቸው። ባልና ሚስት ይሁኑ፣ ወንድምና እኅት ይሁኑ፣ ጎረቤታሞች ይሁኑ፣ ስሌቱ አንድ ነው። መጓጓዣቸው ብስክሌት ነው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብስክሌት አላቸው። የሚነሡት ከጎንደር ከተማ ነው። የሚደርሱት ጎርጎራ ነው። ጎርጎራ በጣና ሐይቅ በሰሜን በኩል ባለው ዳርቻ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ጉዳያቸው ገበያ አይደለም፤ ለቅሶም አይደለም። ጉዳያቸው አገር ማየት ነው።

«አገር ለማየት ብሎ መድከም ምን የሚሉት ነው?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። ከወገራና ከዳባት ጎንደር ገበያ ሲመላለስ ኖሮ ጣናን በዓይኑ ያላየ ሰው አለ። ሐይቁ ግን ሩቅ አይደለም። የራስን አገር ሳያዩ ማርጀት ያስቆጫል።

ባሕር የለንም፤ ባሕር የምንለው ግን አለን

በሌሎች አገሮች ሰዎች የባሕር ዳርቻን ተከትለው በብስክሌት ይጓዛሉ። አገራችን ኤርትራ ከተለየች ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። የጣና አካባቢ ሰው ግን ሐይቁን ባሕር ይለዋል። ባሕር ዳር የተባለችው ከተማም ስሟ ከዚሁ የመጣ ነው። ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱም 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ ነው። ዓባይ የሚወጣው ከዚህ ሐይቅ ነው።

ብስክሌትም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ውድድር የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. አውስትራሊያ ውስጥ በሜልቦርን ከተማ ነው። ያን ጊዜ ከሯጮቹ ሌላ ብስክሌት ነጂዎችም ሄደው ነበር። ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። የእኛ ሁለት ተጓዦች ግን አይሽቀዳደሙም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

ከመሄጃው በፊት መመለሻውን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል። 2,100 ሲቀነስ 1,800፣ ይቀራል 300። ስለዚህ ተጓዦቹ ሲሄዱ 300 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳሉ። ሲመለሱ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣሉ ማለት ነው።

ከጎንደር እስከ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ መንገድ ወደ ታች ይወስዳል። ከአዘዞ የጎርጎራው መንገድ ከባሕር ዳሩ መንገድ ይለያል። ቆላድባንና ጯሂትን አልፎ ጎርጎራ ይደርሳል። በመካከል ያለው የደንቢያ ሜዳ ነው። አገሩ ለጥ ያለ ነው። ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይበቅልበታል። ከጎንደር እስከ ጎርጎራ መንገዱ በጠቅላላው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በመሄጃው ቀን ፔዳሉ ቀላል ነው። ሰው «ይህችማ ምን አላት!» ይላል። በመመለሻው ቀን ግን ሜዳው ይቀድማል፤ ዳገቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ጉልበት ባለቀበት ሰዓት፣ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ማለት ነው። ብዙ ጉዞ የሚበላሸው መሄጃው ስለከበደ አይደለም። መመለሻው ስላልታሰበ ነው። ስለዚህ የዛሬው ምክራችን አንድ ነው። መጀመሪያ መመለሻውን አስሉ።

እስቲ እናስላ

ጭነት የያዘ፣ ያልቸኮለ ሰው በብስክሌት በአንድ ሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። የመሄጃው ቀን ይህን ይመስላል፦

60 ኪሎ ሜትር ለ10 ሲካፈል 6 ሰዓት ነው። ለዕረፍትና ለምሳ 2 ሰዓት እንጨምር። ጠቅላላው 8 ሰዓት ይሆናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ከቀኑ 8 ሰዓት ይደርሳል።

የመመለሻው ቀን ደግሞ እንዲህ ነው፦

ከጎርጎራ እስከ አዘዞ 48 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዕረፍቱ 2 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተነሣ አዘዞ የሚደርሰው በ7 ሰዓት ነው። ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይቀረዋል። ዳገቱን ብስክሌት እየገፋ በእግሩ ቢወጣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ሰዓት ነው። ጎንደር የሚገባው በ10 ሰዓት ይሆናል። እስኪመሽ 2 ሰዓት ተርፎታል ማለት ነው።

ይህ 2 ሰዓት ለክፉ ቀን ነው። ጎማ ቢተነፍስ፣ ካቴና ቢበጠስ፣ አንዱ ቢታመም የሚያድነው ይህ ነው። እነዚሁ ሰዎች ግን ጎርጎራ ላይ ቡና ሲጠጡ ቆይተው በ3 ሰዓት ቢነሡስ? ጎንደር የሚደርሱት ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በጨለማ፣ ከከባድ መኪና ጋር በዳገት መንገድ መጋፋት ሕይወት ያስከፍላል።

ጉዞው የሦስት ቀን ይሁን። አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን ሐይቁን ማያ፣ አንድ ቀን መመለሻ። አዘዞ ሲደርሱ የደከማቸው እንደሆነ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ መግባት ነውር የለበትም። የዚህን ገንዘብ ግን ከቤት ሲወጡ ለይተው ይያዙ።

መቼ እንሂድ?

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። የደንቢያ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ሰው ጭቃው ጎማውን ይይዝበታል። በሐይቁ ዳር ያለውም ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አዝመራውም ይታያል። ነገር ግን በጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች። መኝታ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ያስፈልጋል። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ የተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ብዙ መንገድም ዘግቷል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት ባለው ቀን ከዚያ የመጣ ሰው ይጠየቅ። በተነሡበትም ጠዋት አዘዞ ላይ እንደገና ይጠየቅ። ወሬው ጥሩ ካልሆነ ጉዞው ይቅር። ሐይቁ የትም አይሄድም።

ምን እንያዝ?

ለሁለት ሰው ሁለት ሁለት ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ፖምፓ ይበቃል። አንድ ማስቲሽ ከነልጣፊው ይበቃል። አንድ የብሎን ቁልፍ ይበቃል። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ማለት ካላማዳሪያ፣ በብስክሌቱ ልክ ይያዝ። ሁለቱ ብስክሌቶች የጎማ ልካቸው አንድ ከሆነ አንድ ትርፍ ለሁለቱም ያገለግላል። የጎማው ልክ ጎኑ ላይ በቁጥር ተጽፏል። አንብቡት።

ከመነሣት በፊት ባለው ቀን ፍሬኑ ይፈተሽ። ቁልቁል ሲወርዱ ሕይወት ያለው ፍሬኑ ላይ ነው።

ስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ይሁን። በሶ ቀላል ነው፤ አይበላሽም፤ ውኃ ብቻ ይበቃዋል። ውኃ ለእያንዳንዱ ሰው 3 ሊትር ይያዝ። የ1 ሊትር ውኃ ክብደት 1 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከዚያ በላይ መሸከም ጉልበት ይፈጃል። ሲያልቅ ቆላድባ ላይ ይሞላል። የወንዝ ወይም የሐይቅ ውኃ ሳይፈላ አይጠጣ። አጎበርም አይረሳ። ደንቢያና የጣና ዳር ወባ ያለበት አገር ነው።

ማን ይቅደም?

ብርቱው ይቀድማል፤ ደካማው ይከተላል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው። ትክክል ግን አይደለም። ፊት ያለው ሰው ኋላውን አያይም። የኋለኛው ጎማ ተንፍሶበት ቢቆም የፊተኛው ሳያውቅ 2 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቶሎ የሚደክመው ሰው ፊት ይሁን። የጉዞው ፍጥነት በእሱ ልክ ይሁን። ብርቱው ኋላ ሆኖ ፖምፓውንና ማስቲሹን ይያዝ። ፊተኛው ቢቆም ጠጋኙ ይደርስበታል። ብርቱውም ራሱ ቢቸገር መሣሪያው በእጁ ነው፤ ድምፁንም አሰምቶ ፊተኛውን ይጠራል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ሁለቱ ሳይለያዩ ሲሄዱ ነው።

ጎን ለጎን እየተጨዋወቱ መንዳት ደስ ይላል፤ ግን መኪና ባለበት መንገድ አይሆንም። ቀኝ ይዞ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ መሄድ ነው።

ዳርቻው ላይ

ጎርጎራ ሲደርሱ ብዙ የሚታይ አለ። ጥንታዊቱ ደብረ ሲና ማርያም እዚያ ናት። ግድግዳዋ በቆዩ ሥዕሎች የተሞላ ነው። የዓፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍራሽም በዚሁ አካባቢ በሐይቁ ዳር ይገኛል። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ውኃው ላይ ሲሄድ ይታያል። ደንገል በውኃ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው። ቀረሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች ከዚሁ ሐይቅ ይጠመዳሉ።

ሦስት ነገር ግን እናስጠንቅቅ።

አንደኛ፣ በዳርቻው በቆመ ውኃ ውስጥ አትዋኙ፤ እግራችሁንም አትንከሩ። ቢልሐርዚያ የሚባል በሽታ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል።

ሁለተኛ፣ በሌሊት ዳር ዳሩን አትሂዱ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ አረንጓዴ ሆኖ መስክ የመሰለውን ሁሉ አትርገጡ። እምቦጭ የሚባለው አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ ታየ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ከወገቡ በላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። አረሙ ውኃውን ሸፍኖ መሬት ያስመስለዋል። ከሥሩ ግን ውኃ ነው።

ሁለት ወረቀት

ዕቅዱ በቃል ብቻ አይቅር። ሁለት ሰዎች በቃል የተነጋገሩትን ሁለት ዓይነት አድርገው ያስታውሱታል። አንዱ «በ12 ሰዓት ብለናል» ይላል። ሌላው «የለም፣ በ2 ሰዓት ነው» ይላል። ጠቡ እዚያው ይጀመራል። ስለዚህ ይጻፍ። የሚነሡበት ቀንና ሰዓት፣ የሚያርፉበት ከተማ፣ የሚያድሩበት ቤት፣ የሚመለሱበት ቀንና ሰዓት፣ የያዙት ገንዘብ።

ይህ በሁለት ወረቀት ይጻፍ። አንዱ ተጓዦቹ ዘንድ ይሁን። ሌላው ቤት ለሚቀር ሰው ይሰጥ። ቤት የቀረው ሰው በመመለሻው ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወረቀቱን ያያል። እስከ 12 ሰዓት ካልመጡ የት እንደሚፈልጋቸው፣ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ማንበብ የሚችል ሰው ቤት መቅረቱ ለመንገደኛ ትልቅ ዋስትና ነው።

ጥያቄዎች

1. ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር በጣና ምሥራቅ በኩል ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን 60 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ሰዎች በስንት ቀን ይደርሳሉ?

2. ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 3 ሊትር ውኃ ቢይዙ ሁለቱ የያዙት ውኃ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

3. ቶሎ የሚደክመው ሰው ለምን ፊት ይሆናል? በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

4. በአካባቢያችሁ አንድ ሊታይ የሚገባ ቦታ ምረጡ። ደርሶ የመመለሻውን ሰዓት አስሉ። ስሌቱን የጀመራችሁት ከመመለሻው ነውን?