«የአራዳ ልጅ ነኝ» ማለት ይበቃልን?

«ብሔርህ ምንድር ነው?» ሲባል «እኔ የአራዳ ልጅ ነኝ» የሚል ጓደኛ ያልገጠመው ተማሪ ያለ አይመስለኝም። መልሱ ያስቃል፤ ያኮራልም። ነገር ግን፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቃሉን ጥቂት እንመርምረው። አራዳ ቀድሞ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ገበያ ነው። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ቢያዛውረውም ስሙ ቀርቶ የብልጥ ሰው መጠሪያ ሆነ። ተቃራኒም ወጣለት፤ «ፋራ»። ፋራ የሚባለው ማን ነው? አማርኛው የሚሰባበርበት፣ ከወላይታ መጥቶ ፒያሳ ላይ ጫማ የሚጠርገው እኩያችን አይደለምን? ዘር አልጠይቅም ባዩ ወጣት በአነጋገር ሲለይ ይውላል ማለት ነው!

ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. በተማሪዎች መጽሔት ላይ ይህንኑ ነቅፎ ነበር፤ አማርኛ መናገር የኢትዮጵያዊነት መመዘኛ መሆኑን። በድምዳሜው ሁሉ አልስማማም፤ በዚህ ግን እውነት አለው።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፊኒ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት የወጣቶች መጠይቅ፣ ለራስ ወገን ያለውን ስሜትና ለሌላው ያለውን ዝንባሌ ለየብቻ ለክተዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉምና። የአያቱን አገር ጠይቆ የተረዳ ልጅ ጎረቤቱን ለመጥላት አይገደድም። የሚያሰጋኝ፣ በጠየቀ ቁጥር «ዝም በል» እየተባለ አድጎ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ በቲክቶክ መጀመሪያ የጠራውን የሚከተለው ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብሮ አደግ ከአብሮ አደግ ተለያየ። ታናናሾቻችን የሚያድጉት ከማያውቁት ጎረቤት ጋር ነው። በቡና ላይ ስለየአገራቸው ሲጠያየቁ፣ እባካችሁ፣ «ዘር አታንሡ» ብለን አናቋርጣቸው።