ከልቅሶው በፊት በሽተኛው ይጠየቅ

በሰው አገር የሚኖረው ሐበሻ በአንድ ነገር አይታማም። ሞት ሲሰማ ሥራውን ጥሎ፣ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ይደርሳል፤ አዋጥቶም አስከሬን ወደ አገር ቤት ይልካል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ሟቹ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን ሲታጠብ እንደነበር ወዳጅ ዘመድ የሰማው በልቅሶው ዕለት ከሆነ፣ አንድ ትልቅ ነገር መጉደሉን ማን ሊክደው ይችላል?

የኩላሊት ሕመም አመጣጡ ድምፅ የለውም። በአሜሪካ ለዚህ የሚዳርጉት ዋነኞቹ ምክንያቶች ስኳርና ደም ብዛት ናቸው፤ ሁለቱም በሐበሻው ሰፈር እንግዳ አይደሉም። ኩላሊት ከግማሽ በላይ ኃይሉን አጥቶ እንኳ ባለቤቱ ምንም ላይሰማው ይችላል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ሐኪሙ የደም ምርመራውን ውጤት ይዞ «ኩላሊትዎ የቀረው አቅም ከመቶ አሥራ አምስት ያህል ነው፤ ስለ እጥበት መነጋገር አለብን» ይላል።

በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሁለት ልጆች የሚያሳድግ፣ ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ የሚልክ አንድ ጎልማሳ ይታሰብ። ይህን ሲሰማ መጀመሪያ «ምርመራው ተሳስቶ ይሆናል» ይላል። ቀጥሎ ይቆጣል፤ በሐኪሙ፣ በሚስቱ፣ በራሱም ላይ። ከዚያ ዝም ይላል። ለሚስቱ «ትንሽ ደም ብዛት ነው» ብሎ ያልፋል፤ ለእናቱማ ጭራሽ አይነገርም። ቀጠሮ መዝለልም ይጀምራል። «ማሽን ላይ ወጣ» መባልን ከሞት እኩል ይፈራዋልና።

ፍርሃቱ የሚያሳፍር አይደለም። በአገር ቤት እጥበት ሲባል ሲሰማ ያደገው ገንዘብ ያለው ብቻ የሚገባበት የመጨረሻ ደጅ ሆኖ ነው። ነገር ግን እጥበት የሞት ሌላ ስሙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በሲያትል ከተማ የዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ታካሚ የነበረው ክላይድ ሺልድስ ሊሞት ሲያጣጥር በማሽን መታጠብ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ሕግ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው፣ እሱ ወይም የትዳር ጓደኛው በቂ ዘመን ሠርተው ግብር ከከፈሉ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ሜዲኬር እንዲሸፍነው ፈቅዷል።

ይልቅ የሚጎዳው ዝምታው ነው። ለእጥበት ክንድ ላይ የሚዘጋጀው የደም ሥር ለመጠንከር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ቀጠሮ የዘለለ ሰው በድንገት ሆስፒታል ገብቶ አንገቱ ላይ ቱቦ ተተክሎለት ይጀምራል። አስቀድሞ የተዘጋጀ ግን ምርጫ አለው፤ ሌሊት ተኝቶ ሳለ በሆድ በኩል የሚደረገውን የቤት እጥበት መርጦ ቀን ሥራው ላይ ሊውል ይችላል። የኩላሊቱ አቅም ከመቶ ሃያ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድም፣ ብቁ ሆኖ ከተገኘ፣ እጥበት ሳይጀምር ንቅለ ተከላ በሚጠብቁት መዝገብ ላይ ስሙን ማስፈር ይችላል። ጤነኛ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል፤ ግን መታመሙ ላልተነገረለት ሰው ማን ኩላሊቱን ሊሰጥ ይነሣል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለዚህ ነው።

ዝምታው ቤተሰቡንም ያቆስላል። እንግሊዝኛ የሚከብዳት እናት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ለአስተርጓሚነት ይዛ ስትሄድ፣ ያ ሕፃን የእናቱን መርዶ በገዛ አፉ ይነግራታል። ይህ ሊሆን አይገባም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

«የሰው ገመና ለምን አደባባይ ይወጣል?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ለማን እንደሚነገር የሚወስነው በሽተኛው ብቻ ነው። ነገር ግን ገመና መጠበቅ ሌላ፣ ብቻን መቅረት ሌላ ነው። ለመላው ማኅበር ማወጅ አያስፈልግም፤ አንድ የታመነ ሰው ይበቃል። እንቅልፍና የመኖር ፍላጎት የነሣ ኀዘንም የሚታከም ሕመም ነው እንጂ የእምነት ማነስ አይደለም። በአሜሪካ እያንዳንዱ የእጥበት ማዕከል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛና የምግብ ባለሙያ እንዲኖረው ደንቡ ያስገድዳል፤ እነሱን ማነጋገር የበሽተኛው መብት ነው።

ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ሆኖም መድኃኒቱን አይተው፤ ውኃ ተመጥኖ የታዘዘለትም የሚጠጣውን ጠበል ልክ ለሐኪሙ ይንገር።

የቀረው የወዳጅ ፋንታ ነው። «ከእኔ ሞት ብላ!» እያሉ ጨው የበዛበትን ወጥ ማጉረስ ለኩላሊት በሽተኛ ፍቅር አይደለም። ፍቅር ማለት ጨው ቀንሶ መሥራት፣ ለአራት ሰዓት እጥበት አድርሶ መመለስ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ «አይዞህ» ብሎ አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። እድሩ ለቀብር የሚያወጣውን ተራ ለእጥበት ቀን ቢያወጣው ምን ይከብደዋል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ለሞተ ሰው መሰብሰብ ወግ ነው። በሕይወት እያለ መድረስ ግን ወገንነት ነው።