ጭስ ስለሌለው ትምባሆ

ልጃቸው በአሜሪካ የሚማር አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ ጽፈዋል። ልጁ ለትንሣኤ በዓል ወደ አገሩ በመጣ ጊዜ ከኮቱ ኪስ ክብ የፕላስቲክ ሙዳይ ወድቆ ቢከፍቱት፣ ትንንሽ ነጫጭ ከረጢቶች እንደ ከረሜላ ተደርድረውበት አገኙ። ምንነቱን ቢጠይቁት፣ «ከከንፈር ሥር የሚያዝ ነው፤ ጭስ ስለሌለው እንደ ሲጋራ አይጎዳም፤ መንግሥትም ፈቅዶታል» አላቸው። አያቱም በበኩላቸው ሱረታቸውን እየሳቡ፣ «እኔስ ስንት ዘመኔ! ምን ሆንሁ?» ብለው ሳቁ። ጸሓፊዋ እናት የሚጠይቁት እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፤ ጭስ የሌለው ትምባሆ ጉዳት አለውን? መንግሥት ፈቀደው ማለትስ ምን ማለት ነው?

አስቀድሞ በአያቲቱ ሱረትና በልጁ ከረጢት መካከል ያለውን ልዩነት መለየት ይገባል። ሱረትም፣ በሱዳን ቶምባክ፣ በስዊድን ስኑስ፣ በህንድም ጉትካ የሚባሉት ሁሉ ትምባሆው ራሱ ያለባቸው ናቸው። አዲሱ ነጭ ከረጢት ግን ቅጠሉ የለበትም፤ ከቅጠሉ የተጣራ ወይም በቤተ ሙከራ የተሠራ ኒኮቲን ከሌላ ዱቄት ጋር ተለውሶ የታሸገ ነው። ሁለቱንም የሚያዛምዳቸው ይኸው ኒኮቲን ሲሆን፣ ሰውን ባሪያ አድርጎ የሚይዘውም እርሱ ነው።

ብዙ ሰው የትምባሆ ክፋት በጭሱ ነው ብሎ ያምናል። ስለ ሳንባ ከሆነ ይህ እምነት ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ናይትሮሳሚን የሚባሉት፣ ነቀርሳን ማለት ካንሰርን የሚያስከትሉት መርዞች፣ እሳትን አይጠብቁም፤ ቅጠሉ ሲደርቅና ሲብላላ ከውስጡ ይፈጠራሉ። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት ነገሩን መርምሮ፣ ጭስ የሌለው ትምባሆ በሰው ላይ ነቀርሳ እንደሚያመጣ ወስኗል፤ የሚያጠቃውም አፍን፣ የምግብ መውረጃ ቧንቧንና ቆሽትን ነው። በዓለም ላይ ይህን የሚጠቀሙ ሰዎች ከ300 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በደቡብ እስያ የሚኖሩ ናቸው።

የመርዙ መጠን እንደ አሠራሩ ይለያያል። ስዊድኖች ስኑሱን ካሞቁት በኋላ በቀዝቃዛ ስፍራ ስለሚያስቀምጡት ናይትሮሳሚኑ አነስተኛ ነው። የጎረቤታችን የሱዳን ቶምባክ ግን ከብርቱው የትምባሆ ዓይነት ተሠርቶ፣ እንዲብላላ ከተደረገ በኋላ አትሮን ከሚባል ጨው ጋር ይለወሳል፤ በእርሱ ውስጥ የተገኘው የናይትሮሳሚን መጠን በዓለም ከተመዘኑት ሁሉ ከፍተኛ ከሆኑት መካከል ነው። አትሮኑም በፈንታው ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ በኩል ፈጥኖ ወደ ደም እንዲገባ ያደርገዋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልትጠነቀቅ ይገባታል፤ መርዙ አነስተኛ ነው በሚባልበት በስዊድን አገር እንኳ፣ ስኑስ በሚወስዱ እርጉዞች ላይ ያለ ጊዜው መውለድና ሞቶ የሚወለድ ሕፃን እንደሚበዛ ጥናቶች አሳይተዋል።

ስለ አያቲቱ ስንናገር፣ በአፍንጫ የሚሳበው ሱረት በአፍ እንደሚያዘው ያህል አልተመረመረም። ይሁን እንጂ ወንዝ በሞላ ጊዜ ተሻግሮ የዳነ ሰው ወንዙ አልሞላም ብሎ ሊመሰክር አይችልም። ትምባሆን በከንፈራቸው ወይም በጉንጫቸው የሚይዙ ወላጆች ያሉት ሰው ግን፣ ትምባሆው በሚያርፍበት ስፍራ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፣ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ቢያይ፣ ቢያማቸውም ባያማቸውም ሐኪም ዘንድ ይውሰዳቸው። እንዲህ ያለው ቁስል በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሕግ ነው። በአገራችን ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በብርቱ ከልክለው እንደ ነበር፣ ቅጣቱም የሚያጤሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን መቁረጥ እንደ ነበረ በታሪክ ተጽፏል። ይህ እጅግ ጨካኝ ቅጣት ስለ ሆነ እንዲመለስ የሚመኝ የለም። ሆኖም ያ ዐዋጅ ጭስ ባለውና ጭስ በሌለው መካከል እንዳላዳላ ልብ ይሏል። የኋለኛው ዘመን ሕጎች ግን ብዙ ጊዜ አዳልተዋል፤ ነጋዴውም በተተወችለት ቀዳዳ ገብቷል።

አሜሪካ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1971 (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ አገር ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ስለ ሲጋራ በራዲዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንዳይነገር ከለከለች። ከከንፈር ሥር የሚያዘው ትምባሆ በሕጉ ስላልተጠቀሰ ግን፣ ዝነኛ የስፖርት ሰዎች በቴሌቪዥን እየቀረቡ ማመስገናቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በፊት ይበልጡን የሽማግሌዎች ልማድ የነበረው ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጎልማሶችና የተማሪዎች ልማድ ሆነ። ቀዳዳው የተደፈነው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1986 በወጣው ሕግ ነው። የአውሮጳ ማኅበር በ1992 ሽያጩን ሲከለክል፣ በ1995 ማኅበርተኛ የሆነችው ስዊድን ግን ከክልከላው ነፃ ሆነች። በህንድም ክፍላተ ሀገሩ ከ2012 ጀምሮ ጉትካን መሸጥ ቢከለክሉ፣ ነጋዴዎቹ ቅመሙን በአንድ፣ ትምባሆውን በሌላ ትንሽ ከረጢት አሽገው ጎን ለጎን ይሸጡ ጀመር፤ ገዢው በመዳፉ ይደባልቀዋል። ይህን ያህል ብልኀት ለመልካም ሥራ ቢውል ምን ያህል በጠቀመ!

ወደ ልጁ ቃል ስንመለስ፣ «መንግሥት ፈቅዶታል» ማለቱ ሐሰት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2019 ስምንት ዓይነት የስዊድን ስኑስ በሲጋራ ፈንታ ቢወሰድ የአንዳንድ በሽታዎችን አደጋ ይቀንሳል ተብሎ እንዲነገርላቸው ፈቅዷል፤ በጥር 2025 ደግሞ ዚን የሚባሉት 20 ዓይነት ነጫጭ ከረጢቶች እንዲሸጡ ፈቅዷል። ነገር ግን ያው መሥሪያ ቤት መፍቀድ ማለት ጉዳት የለውም ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል። ሚዛኑ የተያዘው በሲጋራ አንጻር ነውና፣ ሲጋራን ፈጽሞ ትቶ ወደዚህ ለሚሻገር ሰው ፈቃዱ ትርጉም አለው። ከቶ አጢሶ የማያውቅ ወጣት ግን ሊያነጻጽረው የሚገባ ከሲጋራ ጋር ሳይሆን ከንጹሕ አፉ ጋር ነው። ደግሞም በአሜሪካ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዲህ ያለውን መሸጥ ክልክል ስለ ሆነ፣ እናቲቱ የልጃቸውን ዕድሜ ይቁጠሩ።

ይህ ነገር ከሲጋራ ይልቅ ስውር መሆኑም አይዘንጋ። ሲጋራ ይዞ ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን መግባትን የማያስበው ሰው፣ ከረጢቱን ከከንፈሩ ሥር ይዞ ቅዳሴ ቢቆም አጠገቡ ያለው እንኳ አያውቅበትም። ስለዚህ በቁጣ የተያዘ ልጅ ይበልጥ ይሸሽገዋል እንጂ አይተወውም። በትዕግሥት ጠይቀው፣ ለመተው ከወደደ ሐኪም እንዲያማክር ቢረዱት ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት እጅግ ያስቸግሩታልና።

በእኛ አገር ሕጉ አላዳላም ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት ከሚጤሰው ጋር የሚመጠጠውን፣ የሚታኘከውንና በአፍንጫ የሚሳበውን አንድ አድርጎ ይቆጥራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል፤ 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ ደንግጓል፤ በማሸጊያውም ላይ ከፊትና ከኋላ 70 በመቶውን የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲኖር አዝዟል። ነገር ግን ሱረት በገበያ በማንኪያ ተሰፍሮ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ ማስጠንቀቂያው የሚለጠፍበት ማሸጊያ የለውም። ሻጯም የዐሥር ዓመት ልጅ ብር ይዞ ሲመጣባት፣ ለአያቱ የተላከ ነው ብላ ትሰጠዋለች። ሕጉ ግን ለማን ተላከ ብሎ አይጠይቅም፤ ልጅን ሱረት እንዲገዛ መላክ ከብዙ ቤት ያልጠፋ ልማድ ነውና በዚህ ወር ቢቀር መልካም ነው።

ደብዳቤው ያልጠየቀው አንድ ነገር ቀርቷል። ነጩ ከረጢት ብዙውን ጊዜ የናና ወይም የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ስለ ሆነ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ሊውጠው ይችላል፤ በአሜሪካ በዚህ ምክንያት ወደ መርዝ መረጃ ማዕከላት የሚደወለው ጥሪ በቅርብ ዓመታት በዝቷል። ሱረቱም ከረጢቱም ሕፃን በማይደርስበት ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ። ሕፃኑ ውጦ ከተገኘ፣ ለማስመለስ ጣት በጉሮሮው ሳይሰዱ፣ የማስታወክ፣ የመገርጣት ወይም የመፍዘዝ ምልክት እስኪታይም ሳይጠብቁ፣ ሐኪሙ የመርዙን መጠን እንዲያውቅ ሙዳዩን ጭምር ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።