ጄት ሲገዛ የሞተሩ ባለቤት ማነው?

ከእንጦጦ ተዳፋት ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ የካ ለተመለከተ ሰው፣ በዛፍ ተከበው የሚታዩት አንዳንዶቹ ሰፋፊ ግቢዎች የኤምባሲዎች ናቸው። የሩሲያ፣ የጣሊያን፣ የጀርመንና የእንግሊዝ ኤምባሲዎች የሚገኙት በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። አራቱም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ በማሠልጠኛና በቀላል ተዋጊ አውሮፕላን ገበያ። ሩሲያ ያክ-130ን፣ ጣሊያን ኤም-346ን ይዘው ይዞራሉ። ጀርመን ግሮብ የተባለውን ባለ ፕሮፔለር ማሠልጠኛ ለአየር ኃይላችን ሸጣለች። የእንግሊዝን ነገር ቆይተን እንመለስበታለን።

ለመሆኑ ይህ ለነጋዴ ምኑ ነው? በመገናኛና በ22 አካባቢ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ለገዢ ዋጋውን ብቻ ነግሮ አይተወውም። «ዕቃው እንደ ልብ ይገኛል» ማለቱ አይቀርም። ቶዮታ አሮጌም ሆኖ ዋጋውን የሚይዘው በዚህ ነው። መለዋወጫ የቸገረው ሱማሌ ተራ ወርዶ ይፈልጋል። ለጄት ግን ሱማሌ ተራ የለም። ዕቃው የሚመጣው ከሻጩ ነው፣ ሻጩም ቢሆን ሌላ መንግሥት ከፈቀደለት ብቻ።

እኛ ይህን በገንዘባችንም በደማችንም ተምረነዋል። በንጉሡ ዘመን ሳፊር የተባለው ማሠልጠኛ ከስዊድን መጣ፤ ቀጥሎ አሜሪካ ገባችና ኤፍ-5 ሰጠችን። ኤፍ-5 በዘመኑ ዋነኛው ርካሽ ተዋጊ ጄት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ደርግና ዋሽንግተን ሲጣሉ የመሣሪያውና የመለዋወጫው በር ተዘጋ። ወዲያው የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገባ። አብራሪዎቻችን በእጃቸው በቀሩት ኤፍ-5ዎች የሶማሊያን ሚግ-21 መትተው ጣሉ። ጀግንነቱ የእኛ ነበር፤ የመለዋወጫው መጋዘን ግን የሰው።

ቀጥሎ በእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ኤል-39 አልባትሮስ ከቼኮስሎቫኪያ ተገዛ። እንደኔ አስተያየት ከሁሉም የሚያስተምረው ይህ ነው። ሻጩ አገር በእ.ኤ.አ. 1993 ለሁለት ተከፍሎ ከካርታ ጠፋ። ሞተሩ ደግሞ ድሮም የቼክ አልነበረም፤ የሚሠራው በሶቪየት ኅብረት፣ ዛፖሪዥያ ላይ ነበር። ሶቪየት ሲፈርስ ከተማዋ የዩክሬን ሆነች፣ ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ደግሞ የጦርነት ቀጣና ናት። ማለትም ከአንድ ሶሻሊስት ወዳጅ የገዛነው ጄት የሁለት አገር ጄት ሆኖ ተገኘ። ቼኮቹ ራሳቸው አዲሱን ኤል-39 ኤንጂ ሲሠሩ የዩክሬኑን ሞተር ትተው የአሜሪካ ሞተር ገጠሙለት። ከአንዱ ጥገኝነት ወጥተው ወደ ሌላው ገቡ።

የዛሬውም ገበያ እንደዚሁ ነው። የኮሪያው ኤፍኤ-50 ገበያው ደርቶለታል፤ ፖላንድ በእ.ኤ.አ. 2022 48 አዘዘች፣ ማሌዥያ በ2023 የህንዱን ቴጃስ ትታ 18 ገዛች። ሆኖም የኤፍኤ-50ም የቴጃስም ሞተር ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ነው። የፓኪስታንና የቻይናው ጄኤፍ-17 የሚበረው በሩሲያ ሞተር ነው። አሁን ወደ እንግሊዝ እንመለስ። አርጀንቲና ኤፍኤ-50 ለመግዛት ስትደራደር፣ በእ.ኤ.አ. 2020 ኮሪያዎቹ «ጄቱ ውስጥ ስድስት የእንግሊዝ ሥሪት ክፍሎች አሉ፤ ለንደን አልፈቀደችምና መሸጥ አንችልም» ብለው ጻፉላት። የፎክላንድ ቂም በኮሪያ ጄት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል!

እንግዲህ የኛ ነጋዴ የሚያውቀው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለጄት መለዋወጫ የሚወጣው ዶላርም ከዚያው አስመጪው ከተሰለፈበት ምንጭ የሚቀዳ ነው፤ የሚወጣውም አንዴ ሳይሆን 30 ዓመት ሙሉ ነው። ስለዚህ የግዢው ዋጋ ስንት ነው ብሎ መከራከር ትንሹ ጉዳይ ነው።

«በዶላር ፈንታ በቡና እንክፈል» የሚሉ አሉ። ኢንዶኔዥያ ሞክራዋለች። ከሩሲያ ለምትገዛቸው 11 ሱ-35 ከፊሉን በፓልም ዘይትና በቡና ልትከፍል በእ.ኤ.አ. 2017 ተስማማች። የአሜሪካ ማዕቀብ ስጋት መጣና አውሮፕላኖቹ ሳይመጡ ቀሩ።

ግብጽ የሄደችበት መንገድ ይሻላል። የቻይናውን ኬ-8 ስትገዛ በአገሯ እንዲገጣጠም በውል አስገብታ 120 ያህሉን በራሷ ፋብሪካ ገጣጥማለች። ያን ያህል ብዛት እኛ እንደማንገዛ ግልጽ ነው፤ የመደራደር አቅማችንም ያንሳል። ነገር ግን ቢሾፍቱ ላይ ደጀን አቪዬሽን አለ፤ ቦሌ ላይ የአየር መንገዱ የሞተር ጥገና ክፍል አለ። የሚቀጥለው ሻጭ፣ ከየካ ግቢዎችም ይምጣ ከሌላ፣ የሞተሩ ሙሉ እድሳት እዚህ እንዲሠራ ካልፈረመና የትኞቹ ክፍሎች የማን አገር ፈቃድ እንደሚያስፈልጋቸው በዝርዝር ካላስረከበ፣ ቀብድ ሊከፈለው አይገባም።