ስለ መሬት ርጥበት ካርታና ስለ ነጋዴው ጥንቃቄ

ሰሊጥ ለመላክ ከውጭ አገር ገዢ ጋር የሚዋዋል ነጋዴ፤ እንዲሁም ለገበሬው ማዳበሪያና ዘር የሚያቀርብ ባለሱቅ፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ምርቱ ከመታየቱ አስቀድሞ ስለ ሆነ፤ የመሬቱን ርጥበት በጊዜው ለማወቅ መመኘቱ የታወቀ ነው። ዛሬ ከጠፈር በራዳር እየተለካ የሚዘጋጅ የርጥበት ካርታ ስለ ተገኘ ይህ ምኞት የተፈጸመ መስሏል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመጠቃቸው ሴንቲኔል 1 የተባሉት ሳተላይቶች የሚልኩት መረጃ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ሲሆን፤ ሞገዳቸው ደመናን አልፎ ስለሚሄድ በክረምትም አይታገድም። ይሁን እንጂ ካርታውን አምኖ ውል ከመፈራረም በፊት አሠራሩን መጠየቅ ይገባል።

ራዳሩ ሞገድ ወደ ምድር ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል፤ ርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ አብልጦ ይመልሳል። በባዶ እርሻ ላይ ይህ መልካም ነው። ሰብሉ ባደገ ጊዜ ግን ቅጠሉና አገዳው ውሃ የተመላ ስለ ሆነ፤ ከሞገዱ ከፊሉን ራሱ ይመልሰዋል፤ አፈሩን የሚነካውንም ሲወርድና ሲወጣ ሁለት ጊዜ ያደክመዋል። አቴማና ኡላቢ የተባሉ ሊቃውንት በ1978 እ.ኤ.አ. ሰብሉን እንደ ውሃ ደመና ቈጥረው፤ የእርሱን ድርሻ ከአፈሩ ድርሻ ለመለየት የሚያገለግል አጭር ስሌት አወጡ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን የሰብሉ ብዛት ከሌላ መንገድ ተገኝቶ መግባት አለበት፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚገኘው በፀሐይ ብርሃን ከሚነሣ የሳተላይት ፎቶግራፍ ነው። እንግዲህ በሐምሌና በነሐሴ ፎቶግራፉ በደመና ሲጋረድ፤ ደመና አያግደውም የተባለው ራዳር በደመና ምክንያት ረዳቱን ያጣል። በካርታው ግርጌ ሊጻፍ የሚገባው ይህ ነበር።

ደግሞም በሌላ አገር ስንዴ ላይ የተስተካከለ ስሌት ለጤፍና ለማሽላ እንዲሁ አይበጅም። የጤፍ መሬት ተደጋግሞ ከታረሰ በኋላ በዘር ጊዜ በከብት የተረገጠ እንደ ሆነ ጓሉ ጠፍቶ ይለሰልሳል፤ ለስላሳ መሬት ደግሞ ሞገዱን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል እንጂ ወደ ራዳሩ እምብዛም አይመልሰውም። ስለዚህ ጭቃው እግር እየያዘ ሳለ ካርታው «ደረቅ ነው» ሊል ይችላል። በዚህ ተመርቶ ማዳበሪያውን ወደ ሌላ ወረዳ ያስጫነ ነጋዴ ኪሣራውን ከማን ይጠይቃል?

አሜሪካና ሕንድ በ2025 እ.ኤ.አ. ያመጠቁት ኒሳር 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሞገድ ስለሚጠቀም፤ ከሴንቲኔል የ5.6 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ይልቅ ሰብሉን ሰንጥቆ ያልፋል። እርሱም ቢሆን በመሬት ላይ ከተወሰደ ልክ ጋር መመሳከሩ አይቀርም። ይህ የመንግሥት ሥራ ነው የሚል አይጠፋም፤ ሆኖም ውሉን የሚፈርመው ነጋዴው ነው። ላኪዎችና አስመጪዎች ገንዘብ አዋጥተው፤ ምርት በሚገዙባቸው ወረዳዎች ከተመረጡ ጥቂት እርሻዎች አፈር እያስመጡ፤ ርጥቡን አስመዝነው በምድጃ ካደረቁት በኋላ እንደ ገና ቢያስመዝኑት፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ቀላል ነው። ሥራው ግን መሬቱ ባዶ ሳለ በግንቦት መጀመር ይኖርበታል፤ ሰብሉ ከሸፈነው በኋላ ብቻ የተወሰደ ልክ የአፈሩን ድርሻ አጥርቶ ለመለየት አይበቃም።